ከአስፈሪው መጽሐፍ ይልቅ የፍቅሩ አስፈራኝ

ይድረስ ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በዚህ የአንባብያን ደብዳቤ አምድ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ትራንስፖርትና ስለ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብዙ ተጽፎ አነባለሁ። ልጆቻችን ስለሚያነቧቸው ልቦለዶች ግን የሚጽፍ ሰው እምብዛም አላጋጠመኝም። እኔ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር እንደ መሆኔ ነገሩ በየቀኑ በእጄ ስለሚያልፍ፣ የራሴንም ስሕተት ሳልደብቅ አስተያየቴን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በማስተምርበት ሰዓት ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ልጃገረዶች ከዴስካቸው ሥር መጽሐፍ ዘርግተው ሲያነቡ ደረስሁባቸውና ሁለቱንም ወሰድሁባቸው። አንደኛው ሽፋኑ በአበባ ያጌጠ የፍቅር ልቦለድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጀርባው የተጻፈውን ባነብ ስለ አንድ ክፉ ቤት የሚተርክ አስፈሪ ልቦለድ ሆኖ አገኘሁት። ባለ አበባውን «በትርፍ ጊዜሽ አንብቢው» ብዬ በዚያው ዕለት መለስሁ። አስፈሪውን ግን «ይህስ አእምሮ ያበላሻል» ብዬ በመሳቢያዬ ቆለፍሁበት።

ይህን ማድረጌ ከአስተዳደጌ የመጣ ነው። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆኜ ነው። እዚያ ንባብ እጅግ የተከበረ ነበር፤ ነገር ግን የሚነበበውና የማይነበበው ተለይቶ የታወቀ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ የብራም ስቶከርን «ድራኩላ» አሳጥሮ ያቀረበ መጽሐፍ ከጓደኛዬ ተውሼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ በባትሪ ብርሃን ሳነብ ተያዝሁ። የመኝታ ቤቱ ኃላፊ መጽሐፉን ወሰዱብኝ፤ እኔም ሳምንት ሙሉ ግቢ ጠረግሁ። ጎልማሳ ሆኜ ያንኑ ቅጣት፣ ከመጥረጊያው በቀር፣ ለተማሪዬ አወረስኋት ማለት ነው።

ሆኖም ሳያነቡ መፍረድ ለመምህር ነውር ነውና ቅዳሜና እሑድ መጽሐፉን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ደራሲዋ ሲልቪያ ሞሬኖ ጋርሲያ ትባላለች፤ ሜክሲኮ ተወልዳ በካናዳ የምትኖር ናት። መጽሐፉም «ሜክሲካን ጎቲክ» ይባላል፤ የታተመውም እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1950 በሜክሲኮ ተራራማ አገር ነው። ኖኤሚ የምትባል የከተማ ልጅ፣ አዲስ ያገባች የአጎቷ ልጅ «ባሌ ሊመርዘኝ ነው፤ አድኑኝ» የሚል ደብዳቤ ስለ ላከች ሁኔታውን አይታ እንድትመጣ አባቷ ይልኳታል። የሙሽራዪቱ ባል ቤተ ሰቦች በብር ማዕድን የከበሩ እንግሊዞች ናቸው። ማዕድኑን ሲቆፍሩ ያለቁት የአገሩ ሠራተኞች ናቸው። ቤቱ በሻጋታ ተውጧል፤ ከግድግዳው ሥር የሚያድገው እንጉዳይም የሰውን አእምሮ ይይዛል። የቤቱ አባወራ ስለ ዘር ጥራት ማውራት የማይሰለቸው አዛውንት ነው። ሐኪሙ ሙሽራዪቱን «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ይላል፤ ባልየው «ጭንቀት ነው» ይላል። ፈራሁ ያለችውን ሴት ያመናት አንድም ሰው በቤቱ የለም። ኖኤሚ ግን ትሰማታለች፤ በመጨረሻም እጇን ይዛ ከዚያ ቤት ታወጣታለች።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉ ሌሊት አስፈርቶኛል። ነገር ግን አእምሮ የሚያበላሽ ነገር አላገኘሁበትም። ክፉው ክፉ ተብሎ ተጠርቷል፤ የደሃ ደምም ያለ ጠያቂ አልቀረም። አያቶቻችን ስለ ጭራቅና ስለ አያ ጅቦ ሲተርኩልን ያስተማሩን ይህንኑ አልነበረምን? ለማያውቁት ሰው በር አትክፈቱ፣ ጣፋጭ ቃል የሚናገረውን ሁሉ አትመኑ የሚል ምክር በተረት ተጠቅልሎ ነበር የተሰጠን። በእርግጥ ከአስፈሪ ልቦለዶች መካከል ከገጽ ገጽ ደም ከማፍሰስ በቀር ቁም ነገር የሌላቸው አሉ፤ እነዚያን አልደግፍም። ይህኛው ግን ከእነዚያ ወገን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ባለ አበባውን መጽሐፍ ከተማሪዋ ተውሼ አነበብሁ። የኮሊን ሁቨር «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ2016 ቢሆንም ወጣቶች በቲክቶክ ስለ ተቀባበሉት እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ አዲስ ገነነ፤ በ2024ም ፊልም ሆነ። በወረቀት ያልደረሳቸው ተማሪዎቼ በእጅ ስልካቸው ያነቡታል። ሊሊ የምትባል ልጅ አባቷ እናቷን ሲደበድብ እያየች ታድጋለች። በቦስተን ከተማ የአበባ ሱቅ ከፍታ፣ መልከ መልካምና ባለጸጋ የሆነ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሐኪም ታፈቅራለች። ይህ ሰው አንድ ቀን ገፍትሮ ይጥላታል፤ ይቅርታ ይጠይቃል። ሁለተኛ ጊዜ ከደረጃ ላይ ትወድቃለች፤ እንደገና ይቅርታ። ሦስተኛው የባሰ ነው። በመጨረሻ ሴት ልጅ ከወለደች በኋላ፣ ልጃችን እንዲህ ብትደረግ ምን ትመክራታለህ ብላ ጠይቃው ትለየዋለች። ደራሲዋ ታሪኩን የጻፈችው የገዛ እናቷን ሕይወት መነሻ አድርጋ መሆኑን በመጽሐፉ መጨረሻ ገልጻለች።

ለመጽሐፉ ሁለት ነቀፋ አለኝ። አንደኛው፣ ቋንቋው ቀላል ሆኖ ስሜቱ ግን ከመጠን በላይ የተቀባባ መሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋናው፣ እስከ መጽሐፉ አጋማሽ ድረስ አንባቢው ራሱ ያንን ሰው እንዲወደው መደረጉ ነው። በኋላ ሳስበው ግን ይህ ሁለተኛው ነቀፋዬ ራሱ የመጽሐፉ ጥበብ ሆኖ ታየኝ። እንዴት እንደ ሆነ ልንገራችሁ።

አስፈሪውን መጽሐፍ ከይቅርታ ጋር መልሼ፣ ሁለቱ ልጆች በዓርብ የንባብ ክበባችን ስለ መጻሕፍቱ እንዲናገሩ አደረግሁ። ባለ አበባው መጽሐፍ ተተርኮ ሲያልቅ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሴትዮዋ መፍራት የነበረባት መቼ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም «የገፈተራት ቀን» አልሁ። ከኋላ የተቀመጠች፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ግን «የለም መምህር፤ ወንበሩን የረገጠ ቀን ነው» አለች። መጽሐፉን ገልጬ አየሁት። እውነት ነው። ሰውዬው በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ገና ሳይተዋወቁ፣ በሕንጻ ሰገነት ላይ ብቻዬን ነኝ ብሎ ተቆጥቶ ወንበር ሲረግጥ ሊሊ ታየዋለች። እኔ ሳነበው «ምስኪን፣ አዝኖ ነው» ብዬ ያለፍሁት ገጽ ነው። አንባቢው እንዲህ እየተታለለ ማለፉ፣ ሊሊም እንዴት እንደ ተታለለች ያሳየዋል።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ታላቅ እህቴ ትዝ አለችኝና። ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ባለቀበት ቀን፣ ሊያገባት የነበረው ሰው ብርጭቆ አንሶ ስለ ቀረበ የሚያስተናግደውን ልጅ በያዘው ብርጭቆ ወርውሮ ስቶት ነበር። እኛም ስቀን፣ «ወንድ ልጅ ቁጣ ያምርበታል» ተባባልን። ከሠርጉ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ደወለችልኝና «ና ውሰደኝ» አለችኝ። እኔ የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ የተማርሁ ነኝ የምል ሰው፣ ከአጎታችን ጋር ሄድሁ። ነገር ግን የሄድነው ልናወጣት ሳይሆን ልናስታርቃት ነበር። እናታችን «ትዳር ነው፣ ቻዪው» አለቻት፤ አጎታችን «ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል» አሉ፤ እኔ ደግሞ ሻንጣዋን ተሸክሜ ወደ ቤቷ መለስኋት። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ልጇን አዝላ ማንንም ሳትጠይቅ ብቻዋን ወጣች። ዛሬ ቤት ተከራይታ በልብስ ስፌት ትተዳደራለች። ወቅሳኝ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ቡና እያፈላች፣ «ያን ቀን ሻንጣዬን የተሸከምህልኝ አንተ ነበርህ» ብላኛለች። ይህን የምጽፈውም በፈቃዷ ነው።

ኖኤሚ ዘመዷን ለማውጣት ሄደች፤ እኔ ለመመለስ ሄድሁ። ልጆችን «አእምሮ ያበላሻል» ብዬ የቆለፍሁባቸው መጽሐፍ በሃያ አራት ዓመቴ እጄ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ያንን ሻንጣ ወደ ሌላ አቅጣጫ እሸከመው ነበር።

በእኔ አስተያየት እንግዲህ የመጽሐፍ አደጋ በጭራቁ ላይ አይደለም። አደጋው ፍርሃት ፍቅር ተብሎ ሲጠራ ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። እ.ኤ.አ. በ1897 በታተመው «ድራኩላ» ውስጥ ያ ደም መጣጭ፣ ከቤተ ሰቡ አንዱ ግባ ካላለው በቀር መጀመሪያ ወደ ቤት ሊገባ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣውና ብዙ ወጣቶች በወደዱት በስቴፈኒ ማየር «ትዋይላይት» ግን፣ ደም መጣጩ ጎረምሳ ልጅቱ ሳታውቅ ሌሊት ወደ መኝታ ክፍሏ እየገባ ተኝታ ይመለከታታል፤ ይህም እንደ ጥልቅ ፍቅር ተቆጥሮለታል። የቀድሞው ጭራቅ ፈቃድ የሚጠብቅ፣ የዛሬው አፍቃሪ ፈቃድ የማይጠይቅ ሆነ ማለት ነው። እኔ ልጄ የትኛውን ትፍራ ብባል መልሴ ግልጽ ነው።

በአገራችንም ቢሆን በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንመልከት። ሰብለ ወንጌል የምትፈራው የአባቷን ክብርና የዘመኑን ሥርዓት ነው እንጂ በዛብህን አይደለም። በዛብህ ያስተምራታል፤ ያፍርላታል፤ ይጨነቅላታል። ፍቅራቸው በሞት ቢያልቅም በመካከላቸው ወንበር የተረገጠበት ገጽ የለም። ለልጆቻችን ስለ ፍቅር መለኪያ ስንሰጥ ከራሳችን መደርደሪያ የምናወጣው መጽሐፍ አለን።

ሕጉም ቢሆን ከልማዳችን ቀድሟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን እኩል አድርጎ፣ እርስ በርስ የመከባበርና የመረዳዳት ግዴታ ጥሎባቸዋል። በየመሥሪያ ቤቱ ሕግ ስናስፈጽም የምንውል ሰዎች፣ ማታ ቤታችን ስንደርስ «ቻዪው» የምንል ከሆነ ግን ሕጉ በመዝገብ ቤት ቀረ ማለት ነው።

በመሥሪያ ቤት የምትገኙ ወላጆች ሆይ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። የልጃችሁን ልቦለድ ከመንጠቃችሁ በፊት ተውሳችሁ አንብቡት። ጊዜ ከሌላችሁም በራት ሰዓት «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈራው ማን ነው? የሚያስፈራውስ ራሱን ምን ብሎ ይጠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከመልሱ ስለ መጽሐፉም ስለ ልጃችሁም ታውቃላችሁ። ደራሲዎቻችንንም፣ የእኛን ቤት፣ የእኛን ሽምግልናና የእኛን ዝምታ የሚያሳይ አስፈሪ ልቦለድ ጻፉልን እላለሁ፤ ጭራቁን ፍለጋ እስከ ሜክሲኮ መሄድ አያስፈልግምና።

ከኋላ ተቀምጣ የመለሰችልኝን ልጅ፣ ወንበር ሲረገጥ የት እንዳየች እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ነገር ግን የክበባችንን መጻሕፍት የያዘው ሣጥን ቁልፍ በእሷ እጅ እንዲሆን አድርጌአለሁ፤ ከትምህርት በኋላ ልታናግረኝ ብትፈልግም በሬ ክፍት መሆኑን ነግሬአታለሁ። እህቴ «ና ውሰደኝ» ያለችኝን ቀን ሁለተኛ ጊዜ ማሳለፍ አልፈልግም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ