ክሊኩ ርካሽ፣ ሽያጩ ውድ

በእንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ሽሮ ሜዳ፣ ገዢው በእግሩ መጥቶ፣ ጥለቱን ዳስሶ፣ ዋጋ ተከራክሮ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጋቢና ነጠላ የሚሸምትበት ገበያ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ደንበኛ ቀሚሱን መጀመሪያ የሚያየው በስልኩ ነው። በመሆኑም እንቁጣጣሽ፣ ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ለፌስቡክ ማስታወቂያ የሚወጣው ገንዘብ እንደ ሱቅ ኪራይ ሁሉ ከወጪ የሚቆጠር ሆኗል።

ይህ ወጪ ግን እንደ ኪራይ ቁርጥ ያለ አይደለም። በነጋዴው ዘንድ «ቡስት» የሚባለው ማስታወቂያ ዋጋው የሚወሰነው በጨረታ ነው። አንድ ዓይነት ተመልካች የሚፈልጉ አስተዋዋቂዎች በየቅጽበቱ ይጫረታሉ። ለማሸነፍ የቀረበው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ማስታወቂያው በተመልካቹ ዘንድ የሚኖረው ተፈላጊነትም ይገመታል። ተጫራች ሲበዛ ዋጋውም ይወደዳል።

ሂሳቡ በሦስት መለኪያዎች ይቀርባል። ሲፒኤም ማስታወቂያው 1,000 ጊዜ ለመታየት የፈጀው ገንዘብ ነው። ሲቲአር ከ100 መታየት ውስጥ ስንቱ ክሊክ እንደተደረገ ያሳያል። ሲፒሲ ደግሞ የአንድ ክሊክ ዋጋ ነው።

ለአብነት ያህል፣ አንድ ነጋዴ በሁለት ማስታወቂያዎች ላይ 3,000፣ 3,000 ብር አወጣ ቢባል፣ የመጀመሪያው ዋጋ ያልተጻፈበት የሚያምር ፎቶግራፍ ነው። 60,000 ጊዜ ታይቶ 600 ክሊክ አገኘ፤ ሲፒኤሙ 50 ብር፣ ሲፒሲው 5 ብር ሆነ። ሁለተኛው ዋጋው፣ ልኩና ማድረሻ ቦታው የተገለጸበት ሲሆን 20,000 ጊዜ ታይቶ 200 ክሊክ አገኘ። የአንዱ ክሊክ ዋጋ 15 ብር መሆኑ ነው። ሲቲአሩ በሁለቱም 1 በመቶ ነው።

በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው 4 ቀሚስ፣ በሁለተኛው 10 ቀሚስ ቢሸጥ፣ አንድ ቀሚስ ለመሸጥ የወጣው የማስታወቂያ ገንዘብ 750 እና 300 ብር ይሆናል። ከአንድ ቀሚስ የሚገኘው ትርፍ ማስታወቂያው ሳይቀነስ 600 ብር ከሆነ፣ በርካሹ ክሊክ 600 ብር ይከስራል፤ በውዱ 3,000 ብር ያተርፋል።

ሌላው የሚያሳስተው «ክሊክ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። በፌስቡክ «ሁሉም ክሊክ» ተብሎ የሚቀርበው ቁጥር ላይክን፣ አስተያየትንና «ተጨማሪ አንብብ» የሚለውን መጫን ጭምር ይይዛል። ወደ ሻጩ የሚወስደውን ሊንክ የተጫኑት ለብቻቸው ተቆጥረው ስለሚቀርቡ፣ መታየት ያለበት እሱ ነው።

የዶላርም ነገር አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ተመንን ለገበያ ከመተዉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የ10 ዶላር ማስታወቂያ ከ570 ብር ወደ 1,000 ብር ገደማ ወጣ ማለት ነው። የዶላሩ ሲፒሲ ሳይነቃነቅ የቀሚሱ ትርፍ ሊሟጠጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ገዢ በመጣ ወይም በደወለ ቁጥር «የት አዩት?» ብሎ ጠይቆ በደብተር ማስፈርና በሳምንቱ መጨረሻ የማስታወቂያውን ወጪ በተሸጠው ቀሚስ ቁጥር ማካፈል ይበቃል። ያለዚህ የክሊክ ብዛት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሆኖ ይቀራል፤ የሸማኔው የእጅ ዋጋና የሱቅ ኪራዩ የሚከፈሉት ከሽያጩ ነውና።