ለማርገዝ ተብለው ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት፦ የቱ ይጠቅማል? የቱስ ይጎዳል?

በሠርግ ቀን ሽማግሌዎች «ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ» ብለው ይመርቃሉ። ዓመት ሳይሞላ ግን ምርቃቱ ወደ ጥያቄ ይለወጣል። አማት «ምነው ዝም አላችሁ?» ትላለች፤ ጎረቤት የሙሽሪትን ሆድ በዓይኑ ይለካል። ልጅቷም ሐኪም ዘንድ ከመሄዷ በፊት ሰፈሯ ወዳለው መድኃኒት ቤት ትሄዳለች። ማዘዣ የማይጠየቅበት፣ ዋጋው የማይከብድ፣ ማንም ሳያይ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ነገር ትፈልጋለች። አንዷ ጓደኛ የሳል ሽሮፕ፣ ሌላዋ አስፕሪን፣ ሦስተኛዋ ቫይታሚን ትመክራታለች።

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት «ሲስተር፣ ይሄ ለማርገዝ ይረዳል ይባላል፤ ልውሰደው?» የሚል ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። እስቲ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚነሱትን አንድ በአንድ እንያቸው።

የሳል ሽሮፕ

አክታ የሚያቀጥኑ አንዳንድ ሽሮፖች ውስጥ ጓይፌኔሲን የሚባል መድኃኒት አለ። «አክታን ካቀጠነ በማህፀን በር ላይ ያለውንም ፈሳሽ ያቀጥናል፤ የወንዱ ዘርም በቀላሉ ያልፋል» ነው ሐሳቡ። ወሬው መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ ውስጥ በ40 ባልና ሚስቶች ላይ አንድ ትንሽ ጥናት ታትሞ ነበር። ነገር ግን መድኃኒቱን ካልወሰዱ ሌሎች ጥንዶች ጋር አልተነጻጸረም። ስለዚህ ያረገዙት በሽሮፑ ይሁን ያለ እርሱም ያረግዙ እንደነበር ከጥናቱ ማወቅ አይቻልም።

ትልቁ አደጋ ደግሞ ሽሮፑ ውስጥ ያሉት ሌሎች መድኃኒቶች ናቸው። ብዙዎቹ የሳል ሽሮፖች ቅልቅል ናቸው። አንዳንዱ እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት አለበት፤ ይህ ደግሞ አፍንጫንና አፍን የሚያደርቅ ነው። አንዳንዱ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ኮዴን ያለበት ደግሞ ሱስ ያስይዛል። ሳል የሌላት ሴት ሽሮፕ የምትጠጣበት በቂ ምክንያት የለም።

አስፕሪን

«ደም ያቀጥናል፣ ወደ ማህፀን ደም ያደርሳል» ተብሎ በትንሽ መጠን የሚወሰድ ነው። ይህን ለማጣራት ከዚህ በፊት ጽንስ የጨነገፈባቸው 1,228 ሴቶች የተካተቱበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። ከእርግዝና በፊት ጀምሮ በየቀኑ ትንሽ አስፕሪን የወሰዱትና ያልወሰዱት ሴቶች ሕያው ልጅ በመውለድ በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። አስፕሪን ጨጓራ ያደማል። ሐኪም በግልጽ ምክንያት ካላዘዘው በቀር ለማርገዝ ተብሎ አይዋጥም።

የሕመም ማስታገሻ

ይህኛው ሳይታወቅ የሚያደናቅፍ ነው። እንቁላል ከከረጢቱ ወጥቶ ወደ ማህፀን ቱቦ እንዲገባ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያስፈልገዋል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች የሚሠሩት ይህንኑ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። በወር አበባ አጋማሽ ላይ በተከታታይ ለቀናት ከተወሰዱ እንቁላሉ ሳይወጣ ሊቀር ይችላል። መድኃኒቱ ሲቆም ችግሩም ይወገዳል። ለወገብ ወይም ለጉልበት ሕመም በየቀኑ የምትወስድና ልጅ የምትፈልግ ሴት ሐኪሟን ታማክር። ለአልፎ አልፎ ራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል።

ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጡት ወተት ሆርሞንን ከፍ አድርጎ የወር አበባን ሊያዛባ ይችላል።

ፎሊክ አሲድ

ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ግዢ ብባል የምነግራት ይህን ነው። ፎሊክ አሲድ ቶሎ አያስረግዝም፤ የሚጠብቀው የሚመጣውን ልጅ ነው። የሕፃኑ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠሩበት የነርቭ ዘንግ የሚዘጋው ከጽንሰቱ በኋላ በ28 ቀናት ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ዘንጉ ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ ጀርባው ላይ ክፍተት ይዞ ይወለዳል፤ እግሩ ላይታዘዝለት፣ ጭንቅላቱም ውሃ ሊቋጥር ይችላል። አንዳንዱ በሕይወት አይቆይም። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ይህ ችግር ከብዙ አገሮች ይልቅ በእኛ ዘንድ በርክቶ እንደሚታይ ያሳያሉ።

መጠኑ በቀን 400 ማይክሮ ግራም ነው። ቢያንስ ከማርገዝ አንድ ወር በፊት ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰዳል። ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ እናቶች ለክትትል የሚመጡት ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ይዘገያል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች፣ የስኳር ሕመም ያለባት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት አስቀድማ ሐኪም ታማክር። የሚጥል በሽታ መድኃኒቷን ግን በራሷ እጅ አታቋርጥ።

ለባልስ?

ዚንክና ፎሊክ አሲድ «ለወንድ ዘር» ተብለው ይሸጣሉ። 2,370 ጥንዶች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ግን የዘሩን ጥራትም ሆነ የሚወለዱ ልጆችን ቁጥር እንዳልጨመሩ አሳይቷል። ከዚህ የባሰው ለጉልበት ተብሎ የሚወጋው ቴስቶስተሮን ነው፤ ሰውነት የራሱን ዘር ማምረት እንዲያቆም ያደርገዋል። ባል ማድረግ ያለበት ሲጋራ ማቆም፣ መጠጥ መቀነስና ዘሩን መመርመር ነው። አዲስ ዘር ለመመረት ወደ ሦስት ወር ገደማ ስለሚወስድበት የለውጡ ውጤትም ወዲያው አይታይም።

ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበት

ክሎሚፊን (ብዙዎች ክሎሚድ የሚሉት) እንቁላል እንዲወጣ የሚያነሳሳ መድኃኒት ነው። እንቁላል ለማይወጣላት ሴት በሐኪም ክትትል ሲሰጥ በእርግጥ ይረዳል። የማህፀን ቱቦዋ ለተዘጋባት ወይም የባሏ ዘር ላነሰ ግን ምንም አይፈይድም። መንታ የመውለድን ዕድል ይጨምራል፤ የእንቁላል እጢን ሊያሳብጥ፣ ዓይንንም ሊያደበዝዝ ይችላል። ከጎረቤት የተረፈ እንክብል ተቀብሎ መዋጥ ከሁሉ የከፋ ነው።

ያለ ገንዘብ የሚገኘው

እንቁላል የሚወጣው በአብዛኛው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ 14 ቀን ያህል ሲቀረው ነው። በ28 ቀን ለምታይ በ14ኛው፣ በ32 ቀን ለምታይ በ18ኛው ቀን አካባቢ ማለት ነው። ፈሳሿ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ጥርት ብሎ ሲሳብ ጊዜው ደርሷል። የወንድ ዘር እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ እንቁላሉ ግን ከአንድ ቀን አያልፍም። ስለዚህ በእነዚያ ቀናት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ መገናኘት ይበቃል። ምራቅ፣ ዘይትና ቅባት ለማለስለሻ መጠቀም ዘሩን ስለሚያዳክም ይቅር። ውስጥን በሳሙና ወይም በመድኃኒት መታጠብም አይጠቅምም።

የሦስት ወር መርፌ ትወስድ የነበረች ሴት ደግሞ አትደንግጥ። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ ከ9 እስከ 10 ወር ሊወስድ ይችላል። መርፌው መካን አያደርግም፤ ብቻ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ሞክረው ካልሆነላቸው ባልና ሚስት አብረው ይሂዱ። ዕድሜዋ 35 ከሞላ ስድስት ወር ይበቃል። የወር አበባዋ የሚቀርባት፣ ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን የነበረባት፣ ወይም ባሏ የፍሬ ሕመም ያየ ከሆነ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም። በመንግሥት ሆስፒታሎች መጀመሪያ የሚታዩት ቀላል ምርመራዎች ናቸው፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለ።

እናቶችና አባቶች፣ በተለይ ለእናንተ አንድ ቃል ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ዘገባ ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወቱ ዘመን ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ልጅ ላለመወለዱ ከሚገኙት ምክንያቶች መካከል በግማሽ ያህሉ ወንዱም አለበት። ሆኖም በአገራችን ሴቷ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ፣ ከጠበል ጠበል ስትመላለስ ባል አንድ ቀን እንኳ ሳይመረመር ዓመታት ያልፋሉ። የዘር ምርመራ ግን ከሁሉም ምርመራ የሚቀልና የማያሳምም ነው። ጠበሏን ትጠጣ፣ ጸሎቷንም ታድርስ፤ ምርመራው ግን በዚያ ምክንያት አይዘግይ። «ማህፀን ይጠርጋል» ተብሎ የሚሰጥ ኮሶና የተቀቀለ ሥር ደግሞ ልታረግዝ ለምትችል ሴት ፈጽሞ አይሰጥ።

ስለዚህ ምራታችሁን «ምነው?» ብላችሁ ከመጠየቅ ይልቅ ወንድ ልጃችሁን ለብቻው ጠርታችሁ «ልጄ፣ አንተም አብረሃት ሂድና ተመርመር» በሉት። ለእርሷ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ነገር ካለም አንድ ፓኬት ፎሊክ አሲድ ይሁን።