በረንዳችን ላይ የሚመጡት ወፎች በሽታ ያመጡብናል?

ዛሬ በውስጥ መስመር የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ።

«ዶክተር፣ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። እናቴ በረንዳው ላይ ጎመን፣ ጤና አዳምና በሶብላ ተክላለች። ጠዋት ጠዋት ለእርግቦቹ ፍርፋሪ ትበትናለች፣ በረንዳውንም ራሷ ናት የምትጠርገው። ኩላሊት ተተክሎላት መድኃኒት ላይ ነች። ጎረቤት ‹ወፍ በሽታ ያመጣል› ብሎ አስፈራራን። አትክልቱን እናንሳው?»

አታንሱት። ወፎቹን ማየትም አይጎዳም። መጠንቀቅ ያለብን ከኩሳቸው ነው።

❓ ለምን?

የእርግብ ኩስ ውስጥ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ሊኖር ይችላል። ኩሱ ደርቆ ሲጠረግ አቧራው ይቦንና በትንፋሽ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም። የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ላይ ግን ወደ አንጎል ሽፋን ሄዶ ማጅራት ገትር ሊያስከትል ይችላል። ይህም የአካል ንቅለ ተከላ ያደረጉትን፣ ኤችአይቪ በደማቸው ኖሮ ሲዲ4 የወረደባቸውንና ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱትን ይመለከታል።

✅ ምን እናድርግ?

1. ደረቅ ኩስ በፍጹም አትጥረጉ። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ በደንብ አርጥቡት፣ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ አንሱት።
2. ማስክና ጓንት አድርጉ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
3. ጽዳቱን እናታችን ሳይሆኑ ሌላ ጤነኛ ሰው ይሥራው።
4. ፍርፋሪ መበተኑ ይቅር። ምግብ ባለበት እርግብ ይበዛል፣ ኩሱም ይጠራቀማል።
5. ጎመኑን በሚወርድ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አብስሉት።
6. የሞተ ወፍ በባዶ እጅ አትንኩ።

⚠️ መቼ ሐኪም ጋ እንሂድ?

ከላይ ከጠቀስኳቸው ሰዎች አንዱ ለቀናት የማይለቅ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ካለው፣ ወይም ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የዓይን ብዥታ ወይም መደናገር ከታየበት፣ «ብርድ ነው» ብላችሁ በማስታገሻ አትቆዩ። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ አንገት እስኪደርቅ አትጠብቁ። የምትወስዱትን መድኃኒትም ለሐኪሙ ንገሩት። በጊዜ ከተደረሰበት ሕክምና አለው።

እናታችን ቡናቸውን ይዘው ወፎቹን በመስኮት ይመልከቱ፤ መጥረጊያውን ግን ለልጃቸው ይስጡ። 😊

ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉ።