ሜዲኬድ፦ በምክር ቤት ያልወደቀ በቅጽ ሲወድቅ

ሜዲኬድ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የአሜሪካ ነዋሪዎች የቆመ የመንግሥት የጤና መድን ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ከሜዲኬር ጋር በአንድ ሕግ ፈረሙት፤ ስማቸው እየተመሳሰለ ሰው ያምታታል እንጂ ሜዲኬር በዋናነት የአረጋውያን ነው። ወጪውን የፌዴራል መንግሥትና ስቴቶች ይጋሩታል፤ ፌዴራሉ ቢያንስ ግማሹን፣ ለደሃ ስቴት ደግሞ ከዚያ በላይ ይከፍላል። ሥራውን የሚያስኬዱት ግን ስቴቶች ስለሆኑ ማን ይገባል፣ በምን ማስረጃ ይታደሳል የሚለው ከስቴት ስቴት ይለያያል። የመድኑ ተሟጋቾች ዓይናቸውን መጣል ያለባቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በ2017 ሜዲኬድን የሚቆርጡ ረቂቆች ሲቀርቡ አካል ጉዳተኞች በዊልቸራቸው ሆነው የሴኔቱን የአብላጫ መሪ ቢሮ ደጃፍ ያዙ፤ ፖሊስ እየተሸከመ አወጣቸው፤ ረቂቆቹም ሴኔቱን ሳያልፉ ቀሩ። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ይታወቃል፣ ካሜራም ይመጣል። ቅጹን ሞልተው አልመለሱም ተብለው ካርዳቸው ለሚሰረዝ ሰዎች ግን ሰልፍ የሚወጣላቸው የለም።

አርካንሳስ በ2018 ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ተጠቃሚዎች በወር 80 ሰዓት መሥራታቸውን እንዲያሳውቁ አዘዘች። ማሳወቂያው መጀመሪያ ላይ በኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ ድረ ገጹ ደግሞ እንደ ሱቅ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተዘግቶ ጠዋት 1 ሰዓት ይከፈት ነበር። ሦስት ወር ያላሳወቀ ከመድኑ ወጥቶ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዳይመለስ ይታገድ ነበር። በ2019 የፌዴራል ዳኛ እስኪያግደው ድረስ 18,000 ያህል ሰው ወጣ። «መሥራት የሚችል ይሥራ፣ የሕዝብ ገንዘብ ነው» የሚለው ክርክር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ሲያጣሩ ሥራ የያዘው ሰው ቁጥር አልጨመረም፤ ደንቡ ከሚመለከታቸው ከ95 በመቶ በላይ የሆኑት መጀመሪያውኑ መስፈርቱን የሚያሟሉ ወይም ነፃ መሆን የሚገባቸው ነበሩ። ወንፊቱ ሰነፉን ትቶ ቅጹ ያልገባውን አበጠረ።

ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ መድኑ ራሱ ጤና ያመጣል ወይ? ኦሪገን በ2008 ቦታው ስላልበቃ ተመዝጋቢዎችን በዕጣ መረጠች፤ ለተመራማሪ ያልታሰበ ሲሳይ ነበር። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ዕጣ በወጣላቸው ሰዎች የደም ግፊትና ኮሌስትሮል ላይ ጉልህ ለውጥ አልታየም፤ ይህን መደበቅ ተሟጋችን አያስከብርም። ድብርት ግን ቀነሰ፣ ቤት የሚያፈርስ የሕክምና ወጪም ከሞላ ጎደል ጠፋ። ከመድን መጀመሪያ የሚጠበቀው ደግሞ ይኸው ነው።

በጁላይ 2025 የተፈረመው ሕግ የአርካንሳስን 80 ሰዓት፣ ከ2027 መባቻ ጀምሮ፣ ሜዲኬድን ለተጨማሪ ጎልማሶች ባሰፉ ስቴቶች ላሉ ብዙ ሰዎች ያደርሳል። ለምሳሌ በዲቪ የገባ ጎልማሳ በአብዛኛው ስቴት አምስት ዓመት ጠብቆ ነው ሜዲኬድ የሚያገኘው፤ ያኔም ኡበር የሚነዳ ከሆነ ሰዓቱን የሚመሰክርለት አለቃ የለውም። ስለዚህ ሙግቱ ወደ ዝርዝሩ ይውረድ፦ ስቴቱ በእጁ ካለው የደመወዝ መዝገብ ሰዓቱን ራሱ ያጣራ፣ በስልክም ይቀበል፣ የእድሳቱ ደብዳቤ ሰው በሚያነበው ቋንቋ ይላክ። ለዚህ ምርጫ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ስቴቶች በሜዲኬድ አሠራር ላይ ደንብ ሲያወጡ የሕዝብ አስተያየት የሚቀበሉባቸው ቀናት አሏቸው።