ከውስጥ የተቆለፈ በር

ሰማንያ አሐዱ መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው፣ ስሙን ባያውቀውም፣ «የተዘጋ ክፍል ምሥጢር» የሚባለውን የታሪክ ዓይነት ያውቀዋል። በዚያ መጽሐፍ ባቢሎናውያን ለጣዖታቸው ለቤል በየቀኑ በግ፣ ዱቄትና ወይን ያቀርባሉ፤ ሲነጋ ገበታው ባዶ ነው። ንጉሡም ቤል በላው ብሎ ያምናል። የቤል ካህናት ከወጡ በኋላ፣ ይህን ያላመነው ነቢዩ ዳንኤል ወለሉ ላይ አመድ ያስነሰንሳል፤ በሩ ተዘግቶ በንጉሡ ቀለበት ይታተማል። በማግስቱ ማኅተሙ አልተነካም፤ ምግቡ ግን የለም። ንጉሡ ጣዖቱን ማወደስ ሲጀምር ዳንኤል እየሳቀ ወለሉን ያሳየዋል፦ የወንድ፣ የሴትና የሕፃን ዱካ። ካህናቱ ከነቤተሰባቸው ከገበታው ሥር በተሠራ ስውር በር እየገቡ ይበሉት ኖሯል።

ዛሬ ደራሲ ምሥጢሩን በስውር በር ቢፈታ አንባቢ ይቀየመዋል። የዛሬው ታሪክ እንዲህ ነው፦ ሰው ከውስጥ በተቆለፈ ክፍል ተገድሎ ይገኛል፤ ገዳዩ የለም፤ መተትና ጂኒም ምክንያት ሆነው አይቀርቡም። የዳንኤል አመድ ግን አላረጀም። ሁሉም በሩ ላይ ሲያፈጥ ወለሉን የሚያይ መርማሪ ዛሬም ያስፈልጋል።

የዚህ ዓይነቱ ዘመናዊ ታሪክ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተመው፣ ፓሪስ ውስጥ በሩ ሞርግ ጎዳና የሚፈጸመው የግድያ ታሪክ ነው። እናትና ልጅ በጭካኔ ተገድለዋል። የክፍሉ በር ከውስጥ ተቆልፏል፤ መስኮቶቹ በወፍራም ሚስማር ተቸንክረዋል። ፖሊስ ሚስማሩን አይቶ ተመለሰ። መርማሪው ዱፒን ግን፣ ገዳዩ በበርም በጭስ መውጫም ካልወጣ የቀረው መስኮት ብቻ ነው፣ እንግዲያው መስኮቱ ራሱን መዝጋት ይችላል ይላል። ፈልጎም የተደበቀ ሞላ ያገኛል። ሚስማሩን ሲነካው አናቱ ተነቅሎ እጁ ላይ ይቀራል። ስብራቱ የቆየ ነው፤ ዝጓል። መልሶ ቦታው ሲያስቀምጠው ስንጥቁ አይታይም፤ ደህና ሚስማር ይመስላል። የገዳዩን ማንነት ያላነበበ ሰው ስላለ አልናገርም፤ ለእኔ ግን ከገዳዩ ይልቅ ያቺ ሚስማር ትበልጥብኛለች።

ዘውጉ ብዙ አገር ዞሯል። ጃፓናዊው ኤዶጋዋ ራንፖ የብዕር ስሙን ያወጣው ከፖ ስም ድምፅ ነው። በወረቀትና በእንጨት ተንሸራታች በር በተሠራ የጃፓን ቤት ግን የተቆለፈ ክፍል ከየት ይመጣል? ሌላው ጃፓናዊ ደራሲ ሴይሺ ዮኮሚዞ እ.ኤ.አ. በ1946 መልስ አገኘለት፦ ሙሽሮቹ በሠርጋቸው ሌሊት ይገደላሉ፤ ጎራዴው ደጅ በረዶ ላይ ተሰክቷል፤ የሰው ዱካ ግን የለም። በረዶው ራሱ ቁልፍ ሆነ።

ለጀማሪ የምመርጠው ግን ሬሳ የሌለበትን ነው። አሜሪካዊው ዣክ ፉትሬል፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1912 ከታይታኒክ ጋር የሰጠመው፣ «የክፍል 13 ችግር»ን እ.ኤ.አ. በ1905 በቦስተን ጋዜጣ በተከታታይ ሲያወጣ መፍትሔውን ቀድሞ ለሚደርስበት አንባቢ ሽልማት ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ፕሮፌሰር ሞት የተፈረደባቸው ከሚታሰሩበት ክፍል በአሳቡ ብቻ በሳምንት ውስጥ እወጣለሁ ብሎ ይወራረዳል። ሲገባ የለመነው ሦስት ነገር ነው። እዚያ ላይ ስትደርሱ መጽሐፉን አስቀምጡና እናንተም ሞክሩት፦ የጥርስ ማጽጃ ዱቄት፣ አንድ ባለ አምስትና ሁለት ባለ አሥር ዶላር፣ የተወለወለ ጫማ።