ፊት የተነሳው ልጅ

እናቴ ወንድሜን አንድም ቀን መትታው አታውቅም። ጦሙን አላሳደረችውም፤ ልብሱ ከእኔ ልብስ ጋር ይታጠባል፣ ምሳው ከእኔ ምሳ ጋር ይቋጠራል። አራት ዓመት ሲሆነው አባቴ ከደብረ ብርሃን ይዞት መጣና ገርጂ የነበረው ቤታችን በር ላይ አቆመው። «ልጄ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔ ወንድሜን የምበልጠው በአምስት ወር ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ የአባታችን ስም ሁለት ጊዜ ይሰማል፤ አዲስ መምህር በመጣ ቁጥር «መንታ ናችሁ?» እንባላለን።

እናቴ ግን ስሙን አትጠራም ነበር። «ያን ልጅ ጥሪው» ትለኛለች። ማዕድ ላይ ጉርሻዋ ከአባቴ ይጀምራል፣ ለእኔ ይደርሳል፣ ለታናሽ እህቴ ይደርሳል፤ ተራው የእሱ ሲሆን እጇ ወደ ትሪው ይመለሳል። እሱም አፉን ከፍቶ መጠበቁን ከጊዜ በኋላ ተወው።

አማርኛ ለዚህ «ፊት መንሳት» የሚል ቃል አለው። እንጀራ አልተነሳም፣ ቤት አልተነሳም፤ የተነሳው ፊት ነው።

ይህን ነገር በሌላ ሰው ቤት እስካየው ድረስ በጥልቀት አላሰብኩበትም ነበር። ያየሁት በጌም ኦፍ ትሮንስ ነው። መጽሐፉን ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ ኤችቢኦ ከ2011 እስከ 2019 በስምንት ምዕራፍና በ73 ክፍል አሳይቶታል። ላላየው ሰው ባጭሩ ልንገር። የሰሜኑ ጌታ ኔድ ስታርክ ከጦርነት ሲመለስ አንድ ሕፃን ይዞ ይገባል። ሚስቱ ካትሊን እሱ በዘመተበት የወለደችውን የበኩር ልጇን ሮብን ታቅፋ የባሏ ግንብ ዊንተርፌል ስትደርስ፣ ያ ሕፃን ከሞግዚቱ ጋር ቀድሟት ቤቱን ይዞ ታገኘዋለች። እናቱ ማን እንደሆነች ብትጠይቅ ባሏ አስፈራርቶ ዝም አሰኛት። ልጁ ጆን ይባላል። በዚያ አገር፣ በዌስተሮስ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ የመኳንንት ልጅ የአባቱን የቤት ስም አይወርስም፤ በሰሜኑ «ስኖው» ተብሎ ይጠራል፣ በረዶ ማለት ነው።

ካትሊን ጆንን አትመታውም፤ ፊት ትነሳዋለች። በመጽሐፉ ልጇ ብራን ከግንብ ወድቆ ራሱን ስቶ በተኛበት ሰዓት፣ 14 ዓመት የሆነው ጆን ሊሰናበተው ይገባል። ሊወጣ ሲል ካትሊን በስሙ ትጠራዋለች። ከዚያ ቀን በፊት ጠርታው አታውቅም። ልጁ ዞር ሲልላት በብራን ቦታ መውደቅ የነበረበት እሱ እንደነበር ትነግረዋለች። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆይቻለሁ።

በ2006 ዓ.ም. ሦስተኛውን ምዕራፍ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ ፊልም ቤት በፍላሽ አስጭኜ እናቴ ቤት ወሰድኩት። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማትሰማ እያስቆምኩ እተረጉምላታለሁ። ሚሼል ፌርሊ ካትሊንን ሆና ከጭራሮ የጸሎት ጌጥ እየጠቀለለች ለልጇ ሚስት የምትናገርበት ቦታ ደረስን። ጆን ሕፃን ሳለ አማልክቱ እንዲወስዱላት ለምና ነበር። ልጁ በፈንጣጣ ታመመ። ያኔ ደነገጠች፤ ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ከዳነ ልትወደው፣ የቤቱን ስም እንዲሰጠው ባሏን ልትለምን ተሳለች። ልጁ ዳነ፤ ስለቷን ግን አላደረሰችም። በቤተሰቡ ላይ የወረደው መዓት ሁሉ እናት የሌለውን ልጅ መውደድ ስላቃተኝ ነው ትላለች። ይህ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተጨመረ ነው።

እናቴ ሲኒውን እንደያዘች «ቆይ፣ መልሺው» አለችኝ። መለስኩት።

«ልጁ አልሞተም?»

«አልሞተም እማዬ።»

«ተመስገን» አለች። ቡናዋን ሳትጠጣ ትንሽ ቆየችና፣ «ባልየውስ እዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?» አለችኝ።

ካትሊንን የሚያወግዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሲያነሱ ብዙም አልሰማሁም። እናቴ ግን ትክክል ናት። ካትሊንን የሚያቃጥላት ባሏ ሌላ ሴት ማወቁ ብቻ አይደለም። የልጁን ነገር እንዳታነሳ መከልከሏና ልጁ በየቀኑ ዓይኗ ሥር ማደጉ ነው። ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ምሥጢሩ ይገለጣል። ጆን የኔድ ልጅ አይደለም፤ የእህቱ የሊያና ልጅ ነው። አባቱ ከዙፋን የተወገደው ቤት ልዑል ሬይጋር ታርጋሪያን ስለሆነ አዲሱ ንጉሥ ቢያውቅ ይገድለው ነበር፤ ስለዚህ ኔድ የእህቱን ልጅ ለማዳን የገዛ ስሙን አጎደፈ። ካትሊን ይህን ሳትሰማ ሞታለች። ዕድሜ ልኳን የጠላችው ልጅ ባሏ ከሌላ የወለደው አልነበረም።

የዚህ ግልባጭ በእኛ ታሪክ ውስጥ አለ። አፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ቆስለው ሊሞቱ ሲሉ፣ እስከዚያ ቀን የወንድማቸው ልጅ ሲባል የኖረውን መንገሻን ልጄ ነው ብለው ተናዘዙ። የዌስተሮሱ ጌታ የእህቱን ልጅ ልጄ ነው ይላል፤ የእኛ ንጉሠ ነገሥት ልጃቸውን የወንድሜ ልጅ ሲሉ ኖሩ። ሁለቱም ልጆች ማን እንደሆኑ የሚያውቅ አዋቂ ዝም ባለበት አደጉ። ያልተደበቀ ነገር ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ዘውዲቱን ማሰብ ይበቃል። አፄ ምኒልክ ጣይቱን ሲያገቡ ዘውዲቱ ከወይዘሮ አብቺ ተወልዳ ነበር፤ ይህን የማያውቅ አልነበረም። በኋላም የጣይቱን የወንድም ልጅ፣ ራስ ጉግሣ ወሌን አገባች።

ካትሊን ስለ ውርስም ትፈራለች። ሮብ ጆንን ሕጋዊ አድርጎ ወራሹ ሊያደርገው ሲል አጥብቃ ተቃወመች፤ የጆን ልጆች አንድ ቀን በልጅ ልጆቿ ላይ እንዳይነሱ። ይህን ፍርሃት ከገርጂ እስከ ሲኤምሲ፣ ከሰሚት እስከ አያት ባሉ ቤቶች ውስጥ ሰምቼዋለሁ። በእኛ ሰፈር ዙፋኑ ካርታ ያለው ግቢ ነው፤ አንዳንዱ ልጅም የሚታወቀው ለቅሶ ላይ ነው። ሕጋችን ግን ከዌስተሮስ የተለየ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 836 ከጋብቻ ውጭ መወለድ የውርስ ድርሻን እንደማይቀንስ ደንግጓል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። ባል ሲሞት ከጋራው ሀብት ግማሹ የሚስቲቱ ነው፤ ከሟች ድርሻ ላይ ኑዛዜ ከሌለ ልጆቹ ሁሉ እኩል ይካፈላሉ። ይህን የሚያውቅ ሰው ቢያንስ የአራት ዓመት ልጅን እንደ ቀማኛ አያየውም።

እንግዲህ ምን ልፍረድ? ካትሊን ጆንን አለመውደዷን አልፈርድባትም። ፍቅር በትእዛዝ አይመጣም፤ የባሏም ጥፋት ከእሷ ይበልጣል። የምፈርድባት ጸቧ ከባሏ ሆኖ ሒሳቡን ከልጁ ጋር በማወራረዷ ነው። ኔድን ይቅር ብላ ከሮብ በኋላ አራት ልጆች ወልዳለታለች፤ ይቅር ያላለችው መልስ መስጠት የማይችለውን ነው። የልጅን ስም ለመጥራት መውደድ አያስፈልግም። አንድ ጉርሻ ለማጉረስም አያስፈልግም። «የእንጀራ እናት» የሚለውን ቃል እኔ የምሰማው እንዲህ ነው፤ ከማሕፀን ያልመጣ ዝምድና በማዕድ ይመጣል። ማዕድ ላይ የተነሳ ፊት ታዲያ ያንኑ ዝምድና ይቆርጠዋል። እናቴን እወዳታለሁ፤ ይህንንም እሷው ፊት ብዬዋለሁ። አልተቆጣችኝም፤ አልተከራከረችኝም።

ወንድሜ አሁን ጎሮ ነው የሚኖረው፤ ሁለት ልጆች አሉት። ባለፈው ጳጉሜን ስለ ካትሊን ልጽፍ እንደሆነ ነገርኩትና ስለ እማዬ ጠየቅኩት። ስለ ጉርሻው ያነሳል ብዬ ነበር። እሱ ያነሳው ጫማ ነው።

መስከረም ሊጠባ ሲል እማዬ ሾላ ገበያ ወርዳ ጫማችንን ትገዛለች። ልጅ ይዛ ገበያ መውጣት ስለማትወድ ማታ በክር ትለካናለች። የእኔን እየሳቀች፣ ውስጥ እግሬን እየኮረኮረች። እሱ ጋ ስትደርስ በርከክ ብላ ተረከዙን በግራ እጇ ትይዛለች፣ ክሩን እስከ አውራ ጣቱ ትስበዋለች፣ በጥርሷ ትበጥሰዋለች፣ የእሱ እንደሆነ እንዲለይ ጫፉን ትቋጥረዋለች።

«አንድም ዓመት ጫማ ጠቦኝ አያውቅም» አለኝ። «እጇ ሞቃት ነበር። አንድ ጊዜ ቀና ትል እንደሆነ ብዬ እግሬን ቶሎ አልሰጣትም ነበር።»