ፀሐይ ፍለጋ ባሕር ስለሚሻገሩ ጡረተኞች



በእንግሊዝ አገር ዕድሜውን በሥራ ያሳለፈ ሰው ጡረታ ሲወጣ ከጉምና ከብርድ ርቆ፥ የቀረውን ዘመኑን በሞቃት የባሕር ዳርቻ ለማሳለፍ ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም። በእስፓኝ በአሊካንቴ ጠረፍ፥ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን አካባቢ፥ በካሪቢያን ባሕር ደሴቶችም እንዲህ ያሉ ጡረተኞች ሰፍረው ይገኛሉ። ቦታውን ሲመርጡ ስለ አየሩ ጠባይና ስለ ቤቱ ዋጋ አጥብቀው ይጠይቃሉ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን አበሉ በዚያ አገር በየዓመቱ ያድጋል ወይ የሚለው ነው።

የእንግሊዝ መንግሥት የጡረታ አበል ባለመብቱ ወዳለበት አገር ሁሉ ይላካል። በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪ ግን በውጭ አገር ለሚኖረው የሚከፈለው፥ በአውሮፓ ኅብረት አገሮችና ስለ ጭማሪው ውል በተዋዋሉ ጥቂት ሌሎች አገሮች ብቻ ነው። ከዚህ ውጭ በሆነ አገር አበሉ ጡረተኛው ሲሄድ በነበረበት መጠን ይቆማል።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ2000 ሁለት ባልንጀሮች ሙሉውን መሠረታዊ አበል በሳምንት 67 ፓውንድ ከ50 ፔንስ መቀበል ጀምረው፥ አንዱ ወደ እስፓኝ፥ ሁለተኛው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ እንበል። በ2024 የመጀመሪያው 169 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ሲቀበል፥ ሁለተኛው ያንኑ 67 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ይቀበላል። የከፈሉት መዋጮ እኩል ነው። በካሪቢያን ባሕር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በባርባዶስ የሚኖር ጭማሪውን ሲያገኝ፥ በማይርቀው በትሪኒዳድ የሚኖር ግን አያገኝም። ከደመወዙ በየወሩ የጡረታ መዋጮ የሚቈረጥበት አድማጫችን ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

አሥራ ሦስት ጡረተኞች በዚህ ነገር አቤት ብለው፥ በእስትራስቡርግ እስከሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ደርሰዋል። በ2010 በ11 ለ6 ድምፅ ተፈረደባቸው። ፍርድ ቤቱ የሰጠው ምክንያት፥ ሥርዓቱ በመጀመሪያ የቆመው ለአገር ውስጥ ነዋሪ ኑሮ ስለ ሆነ፥ መዋጮ መክፈል ብቻውን በውጭ የሚኖረውን ከአገር ቤቱ ነዋሪ ጋር እኩል አያደርገውም የሚል ነው። ምክንያቱ በሕግ በኩል ይቆም ይሆናል፤ የዳቦ ዋጋ በየዓመቱ ለሚጨምርበት አዛውንት ግን መጽናኛ አይሆንም።

ብሪታንያ በ2020 ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላም በእስፓኝ ጭማሪው አልቀረም። ይሁን እንጂ ዛሬ እንደ አዲስ ሊሰፍር የሚሻ እንግሊዛዊ ቪዛ ማውጣት፥ በቂ ገቢ እንዳለውም ማስረዳት አለበት፤ ያለ ቪዛ የሚፈቀድለት ከ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው።

አበሉ የቆመበት ሰው ለመኖር ወደ አገሩ የተመለሰ እንደ ሆነ ክፍያው ወደ ወቅቱ መጠን ከፍ ይልለታል። ነገር ግን በ80 ዓመቱ ርካሹን ቤት ሸጦ፥ በዚያው ገንዘብ በእንግሊዝ አገር ሌላ ቤት መግዛት ይኖርበታል።